መጀመሪያ ብሩን እሰሩት፦ አዳማ አዳራሽ ውስጥ የሰማሁት የአንድ ዝርፊያ ጉዳይ

አዳማ የሥልጠና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ብዙም አትርቅም። ሆቴሉ ብዙ ነው፤ አዳራሹም ብዙ ነው። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ቢያንስ አንዴ እዚህ መጥቶ፣ ከምሳ በኋላ፣ ፕሮጀክተር ፊት ለፊት አንቀላፍቷል። እኔ የከተማው ሰው ስለሆንኩ የውሎ አበል እንኳ የለኝም። ድርሻዬ ሁለት ሻይና አንድ ሳምቡሳ ነው።

ያን ቀን ግን አላንቀላፋሁም።

ርዕሱ የተመዘበረ የሕዝብ ሀብት እንዴት እንደሚመለስ ነበር። አዳራሹን የሞላነው የውስጥ ኦዲተሮች፣ የግዥ ሠራተኞች፣ ገንዘብ ያዦችና የሥነ ምግባር መከታተያ ክፍል ባለሙያዎች ነን። አሠልጣኙ ዕድሜያቸውን ምርመራ ክፍል የፈጁ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስላይድ አላመጡም። እጃቸው ላይ አንድ የታጠፈ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ አለ። ሁሉም "ኮማንደር" ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው ልበል።

ገና ተቀምጠን ሳንጨርስ ጠየቁን።

"አንድ ሰው አገር ዘርፎ ሞተ። ማንን ትከሳላችሁ?"

ዝም አልን። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ "ፋይሉ ይዘጋላ!" አለ። አዳራሹ ሳቀ።

"አየህ፣" አሉት ኮማንደሩ፣ "አንተ የምታስበው ሰውዬውን ነው። እኔ የማስበው ብሩን ነው።"

እኛ አገር የሙስና ዜና "በቁጥጥር ሥር ዋለ" ላይ ያልቃል። ካቴናውን እናያለን፣ አንጀታችን ይርሳል፣ ቻናል እንቀይራለን። ብሩስ የት ደረሰ ብሎ የሚከታተል ጥቂት ነው። ሌባ መያዝና የተሰረቀን ማስመለስ አንድ ሥራ ይመስለን ነበር፤ እኔም ጭምር። ኮማንደሩ ቀኑን ሙሉ የተረኩልን ጉዳይ ሁለቱን ለያየብኝ። ጉዳዩ የእኛ አይደለም፤ የናይጄሪያ ነው። ከዚህ በታች ያለው እሳቸው ያሉትና ከዚያ ወዲህ እኔ ያነበብኩት አንድ ላይ ተደባልቆ ነው። ሰነዶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆኑ የናይጄሪያን ዓመቶች በዚያው እተዋቸዋለሁ።

በደብዳቤ የወጣ ገንዘብ

ጄኔራል ሳኒ አባቻ የናይጄሪያ ወታደራዊ ገዢ ሆኖ ሥልጣን የያዘው ኖቬምበር 1993 ነው። ጁን 8 ቀን 1998 በ54 ዓመቱ በድንገት ሞተ። በኛ ሰኔ 1 ቀን 1990 መሆኑ ነው። አምስት ዓመት እንኳ አልሞላም። በዚያ ጊዜ ውስጥ እሱና ዙሪያውን ያሉት የወሰዱት ከ2 እስከ 5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚሆን ይገመታል።

ካዝና የሰበረ የለም። ሌሊት ግድግዳ የቦረቦረም የለም። የብሔራዊ ደኅንነት አማካሪው ለርዕሰ ብሔሩ ደብዳቤ ይጽፋል፦ ለአገር ደኅንነት አስቸኳይ ሥራ ይህን ያህል ሚሊዮን ዶላር ይፈቀድልኝ። አባቻ ይፈቅዳል። ደብዳቤው ማዕከላዊ ባንክ ይሄዳል። ባንኩ ያወጣል፤ አንዳንዴ በጥሬው፣ አንዳንዴ በትራቭለርስ ቼክ፣ ማለትም በመንገደኛ ቼክ። ገንዘቡ ዞሮ አባቻ ቤት ይገባል። ከዚያ ልጁና ወዳጆቹ በአገር ውስጥ ባንኮችና ነጋዴዎች በኩል ወደ ውጭ ያሻግሩታል። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ኋላ ላይ ባቀረበው ክስ በዚህ መንገድ ብቻ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቷል ይላል።

ኮማንደሩ የታጠፈውን ወረቀት ዘረጉ። ባዶ ነው።

"ደብዳቤው ይህ ነው እንበል። ምን ይጎድለዋል?"

ከፊት የተቀመጠች ገንዘብ ያዥ እጇን አወጣች። "ዝርዝር የለውም። ለምን እንደሆነ የሚያሳይ ማስረጃ አልተያያዘም።"

"ሌላ?"

"ጠያቂውም ፈቃጁም ተቀባዩም አንድ ወገን ነው።"

"ሌላ?"

"ገንዘቡ ለተባለው ሥራ መዋሉን የሚያሳይ ሪፖርት አይመጣም። ሳይወራረድ ሌላ ይወጣል።"

"ጎበዝ። አንቺ እዚያ ባንክ ብትሆኚ ትከፍዪ ነበር?"

ልጅቷ ትንሽ አሰበች። "ፊርማው የርዕሰ ብሔሩ ከሆነ... እከፍላለሁ ኮማንደር። ልጆች አሉኝ።"

ማንም አልሳቀም።

ነገሩ ለኔም እንግዳ አይደለም። ከዓመታት በፊት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት፣ ሲሚንቶ ተገዛ ተባለ። ሞዴል 19 ተቆርጧል። ማለትም ዕቃው ንብረት ክፍል ገብቷል። የዕቃ መቆጣጠሪያው ካርድ፣ ቢን ካርዱ ላይ ሰፍሯል። በሞዴል 22 ወጪ ሆኗል። ፊርማ በየቦታው አለ፤ ማኅተሙም ደማቅ ነው። ወረቀቱን ብቻ ካየህ እንከን አታገኝለትም።

የያዘን የዘበኛው ደብተር ነው። በር ላይ ያሉት አባባ የሚገባ የሚወጣውን መኪና ታርጋ በእርሳስ የሚጽፉባት፣ ጠርዟ የተጠቀለለ ደብተር ነበረቻቸው። ማንም አላዘዛቸውም፤ የድሮ ወታደር ስለሆኑ ልማድ ሆኖባቸው ነው። ሞዴል 19 በተቆረጠበት ቀን ደብተሯ ላይ የጭነት መኪና የለም። በማግስቱም የለም። "አባባ፣ ረስተው ይሆን?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ተቆጡኝ። "ልጄ፣ ለሥራ አስኪያጁ ምሳ ይዛ የምትመጣዋን ልጅ እንኳ እጽፋለሁ!"

ሌባ ያዘዘውን ወረቀት አሳምሮ ያዘጋጃል። ያላዘዘውን ወረቀት ግን ይረሳዋል። የመርማሪ ሥራ ያን ያልታዘዘ ወረቀት ማግኘት ነው። የዚያን ሲሚንቶ መጨረሻ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የአባቻ ቤት ሁለተኛ መንገድ ደግሞ ለኦዲተር የሚጣፍጥ ነው። ናይጄሪያ በአጃኦኩታ ብረት ፋብሪካ ግንባታ የተነሳ ለአንድ የሩሲያ ኩባንያ ዕዳ ነበረባት። የአባቻ ልጅና ሸሪኩ የያዙት ኩባንያ ያን ዕዳ በርካሽ ገዛው። ከዚያ የናይጄሪያ መንግሥት ዕዳውን ከነሱ በውድ መልሶ ገዛ። በመሐል የቀረላቸው ትርፍ ከ282 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ዕዳው እውነተኛ ዕዳ ነው። ክፍያውም እውነተኛ ክፍያ ነው። ገዢው አባት፣ ሻጩ ልጅ መሆኑ ብቻ ነው ችግሩ።

ብሩን ማሰር

አባቻ እንደሞተ የተተኩት ጄኔራል አብዱልሰላሚ አቡበከር በፖሊስ የሚመራ ልዩ የምርመራ ቡድን አቋቋሙ። ቡድኑ ከቤተሰቡና ከተባባሪዎቹ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚገመት ገንዘብና ንብረት እዚያው አገር ውስጥ ሰበሰበ። ወታደራዊ መንግሥት ስለነበር በድንጋጌ ወረሰው። ይህን ክፍል ኮማንደሩ በሁለት ዐረፍተ ነገር አለፉት። "ቤትህ ውስጥ የጠፋን ዕቃ ማግኘት ነው። ከባዱ ጎረቤት ቤት የገባው ነው።"

ጎረቤት ያሉት ስዊዘርላንድን ነው።

ኦሉሴጉን ኦባሳንጆ ተመርጠው በሜይ 1999 ሥልጣን ያዙ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ ጄኔቫ ያለ ኤንሪኮ ሞንፍሪኒ የሚባል ጠበቃ ዘንድ የናይጄሪያ መልእክት ደረሰ። ጥያቄው አጭር ነው፦ ገንዘባችንን ፈልገህ አሳግድልን፣ አስመልስልን።

ችግሩ ወዲያው ይታያል። በተለመደው የአገር ለአገር የሕግ ትብብር ስትጠይቅ "እገሌ ባንክ፣ እገሌ አካውንት፣ ከእገሌ ወንጀል የመጣ" ማለት አለብህ። ናይጄሪያ አካውንቶቹን አታውቃቸውም። ካወቀችማ ጠበቃ ለምን ትፈልጋለች? ባንኮቹ ደግሞ ምስጢር ጠባቂዎች ናቸው፤ ሳይጠየቁ አይናገሩም። ቁልፉ ሳጥኑ ውስጥ ተቆልፎበታል።

ሞንፍሪኒ በሌላ በር ገባ። የስዊዝ የወንጀል ሕግ ስለ ወንጀል ድርጅት የሚናገር አንቀጽ አለው። የተጻፈው ማፊያን በማሰብ ነው። ጠበቃው "አባቻና ሰዎቹ መንግሥት አልነበሩም፤ መንግሥት ቤት ውስጥ የተቀመጠ የወንጀል ድርጅት ነበሩ" ብሎ ተከራከረ። ነገሩ ስድብ ይመስላል፤ ግን ስድብ አይደለም። ገንዘቡ የወንጀል ድርጅት ንብረት ነው ከተባለ የማስረዳት ሸክሙ ይገለበጣል። መንግሥት "ይህ ዶላር ከዚያ ደብዳቤ የወጣ ነው" እያለ አንድ በአንድ ማሳየት አይጠበቅበትም። ባለገንዘቡ ነው "በሕጋዊ መንገድ ያገኘሁት ነው" ብሎ ማሳየት ያለበት።

ኦክቶበር 1999 ላይ የስዊዝ ባለሥልጣናት የእገዳ ትእዛዝ አወጡ። የአባቻ ቤተሰብና የተባባሪዎቹ ስም ለባንኮች ተበተነ፤ በነዚህ ስሞች ያለውን ሁሉ አግዱ፣ አሳውቁ ተባለ። ጠበቃው በኋላ እንዳወራው በ48 ሰዓት ውስጥ አብዛኞቹ ባንኮች የያዙትን አሳወቁ።

ኮማንደሩ ድምፃቸው እዚህ ጋ ከፍ አለ።

"ይህችን 48 ሰዓት ጻፏት። የኛን ልማድ አስቡት። መጀመሪያ ሰውዬውን እናስራለን። ካሜራ ይመጣል። ማታ በዜና ይወጣል። ሚስት ታያለች፣ ወንድም ያያል፣ ሸሪክ ያያል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ባንክ ሲከፈት ማን ይቀድማል? እናንተ ወይስ ወንድምየው?"

"ወንድምየው" አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

"ስለዚህ መጀመሪያ ብሩን እሰሩት። ሰውዬውማ የት ይሄዳል?"

ሕጉ የለንም ለማለት አይቻልም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሙስና ልዩ የሥነ ሥርዓትና የማስረጃ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 434፣ ገና ክስ ሳይመሠረት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ንብረት ማሳገድ ይፈቅዳል። ኮማንደሩ ከሥራ ዘመናቸው የታዘቡት ሌላ ነው። እግዱ ይወጣል፤ የሚወጣው ግን መዝገቡ ከተሟላ፣ ኦዲቱ ካለቀ፣ አለቃ ከፈረመ በኋላ ነው። "እኛ የምናግደው አካውንት ብዙ ጊዜ 312 ብር ይኖረዋል" አሉ። ያን ጊዜ ግን ሳቅን።

ናይጄሪያ በእገዳው አላቆመችም። ጄኔቫ ውስጥ የወንጀል አቤቱታ አቀረበችና ተበዳይ ወገን ሆና መዝገቡ ውስጥ ገባች። ይህች ትንሽ የምትመስል ነገር የጉዳዩ ሁሉ አንጓ ናት። የውጭ መንግሥት ሆነህ ደብዳቤ ስትልክ በር ላይ ቆመህ መልስ ትጠብቃለህ። ተበዳይ ስትሆን ግን ፋይሉን ታነባለህ። የባንክ ሰነዱን ታያለህ። ገንዘቡ ከጄኔቫ ወደ ሉክሰምበርግ፣ ወደ ሊክተንስታይን፣ ወደ ጀርሲ ደሴት እንዴት እንደሄደ ከዝውውሩ ወረቀት ላይ ትከተላለህ። አንዱ አገር የተገኘው ወረቀት ለሚቀጥለው አገር ማስረጃ ሆነ። የዘበኛው ደብተር በስዊዝ ባንክ ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

ባንኮቹ ራሳቸው ግን ንጹሕ ዘበኛ አልነበሩም። የእንግሊዝ የፋይናንስ ተቆጣጣሪ በ2001 እንዳስታወቀው እዚያ አገር ያሉ 23 ባንኮች ከአባቻ ቤተሰብና ወዳጆች ጋር የተያያዙ አካውንቶች ነበሯቸው። በአራት ዓመት ውስጥ 1.3 ቢሊዮን ዶላር ተንቀሳቅሶባቸዋል። በ15ቱ ላይ ከፍተኛ የቁጥጥር ድክመት ተገኝቷል። እኛ ከዚህ ሆነን የፈረንጅ ባንክ ሲባል ቀጥ ያለ ሥርዓት ነው የሚታየን። የአንድ ወታደራዊ ገዢ ልጅ መቶ ሚሊዮን ይዞ ሲመጣ "ነጋዴ ነኝ" ማለቱ ለብዙዎቹ በቂ ነበር።

ድርድሩ

2002 ላይ ናይጄሪያና ቤተሰቡ ሊስማሙ ተቃረቡ። ቤተሰቡ 1 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይመልሳል፤ 100 ሚሊዮን ዶላር ለነሱ ይቀርላቸዋል።

ይህ ሲነገር አዳራሹ ተነሣ። "እንዴ! ለሌባ ጉርሻ?" አለ ከግዥ ክፍል የመጣ አንድ ጎልማሳ። ከጎኔ ያለች ኦዲተር ደግሞ "ወንድሜ፣ ከሚቀር የሚገኝ አይሻልም?" አለችው። ሩብ ሰዓት ተጨቃጨቅን። እኔ ከሷ ወገን ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ። ክርክሩ በየዓመቱ የሚበላውን ገንዘብ ያላየ ሰው ነው ጉርሻውን የሚቆጥረው።

ኮማንደሩ አላገዙንም። የሆነውን ብቻ ነገሩን። በሌላ ክስ ታስሮ የነበረው የአባቻ ልጅ ከእስር ከወጣ በኋላ ስምምነቱን አልቀበልም አለ። ድርድሩ ፈረሰ። ክርክሩ እንደገና ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት መንከራተት ጀመረ።

ስለ ክፍያም ተጠየቁ። ጠበቃው ከሚመለሰው ገንዘብ 4 በመቶ ይወስድ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከ100 ሚሊዮን 4 ሚሊዮን። "ኧረ እኔም ጠበቃ ልሁን!" የሚል ተሰማ። ግን አስቡት፦ ካልተመለሰ ምንም የለውም። መንግሥት ቤት ደመወዝተኛ የሆንን እኛ ፋይሉ ሃያ ዓመት ቢተኛም ወር ሲደርስ እንከፈላለን።

መመለሱስ?

2003 ላይ ከጀርሲ 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተመለሰ። ትልቁ የመጣው ግን ፌብሩዋሪ 2005 ላይ ነው። የስዊዘርላንድ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ወሰነ፦ የገንዘቡ አብዛኛው ክፍል ከወንጀል መምጣቱ ግልጽ ስለሆነ፣ ናይጄሪያ ውስጥ የመጨረሻ ፍርድ ሳይጠበቅ ይመለስ። መጠኑ 458 ሚሊዮን ዶላር። እስከ 2006 ድረስ ከስዊዘርላንድ የተመለሰው በጠቅላላው 700 ሚሊዮን ዶላር ደረሰ።

ልብ በሉ፤ አባቻ አልተከሰሰም። ከመሬት በታች ነው። አንድም ቀን ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ አልቆመም። ገንዘቡ ግን ተመለሰ። ከኋላ የነበረው ልጅ "ፋይሉ ይዘጋላ" ያለውን አስታውሶ አንገቱን ደፋ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ማንም በደንብ አይተርከውም። የናይጄሪያ መንግሥት ገንዘቡ ይመጣል ብሎ አስቀድሞ በ2004 በጀት ውስጥ አስገብቶታል። ለመብራት፣ ለመንገድ፣ ለጤና፣ ለትምህርት፣ ለውኃ ተብሎ ተከፋፍሏል። ስለዚህ ገንዘቡ በትክክል ሲደርስ የራሱ መደብ የለውም። ከሌላው በጀት ጋር ተቀላቅሏል። ኋላ ላይ የዓለም ባንክና የናይጄሪያ ሲቪል ማኅበራት ወርደው ፕሮጀክቶችን ሲጎበኙ የተሠራም አገኙ፣ ያላለቀም አገኙ። ግን "ይህ ጤና ጣቢያ በአባቻ ገንዘብ ተሠራ" ብሎ እጁን የሚጠቁም አልነበረም። በጀት የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ብር ቀለም የለውም። አንዴ ቋት ከገባ ከየት እንደመጣ አይናገርም።

ስዊዞች ከዚህ ተማሩ። ሉክሰምበርግ ውስጥ ታግዶ የነበረው 321 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ሲመለስ አካሄዱ ተለወጠ። ጄኔቫ ከቤተሰቡ ጋር በተደረሰ ስምምነት ወረሰችው። ዲሴምበር 2017 ላይ ናይጄሪያ፣ ስዊዘርላንድና የዓለም ባንክ ሦስቱ ፈረሙ። ገንዘቡ በዓለም ባንክ ክትትል ለድሃ ቤተሰቦች በቀጥታ የሚሰጥ ድጎማ ሆነ፤ ለአንድ ቤተሰብ በወር 5,000 ናይራ። ገጠር ወርደው "ደረሳችሁ ወይ?" እያሉ የሚጠይቁ የሲቪል ማኅበራት ታዛቢዎችም ተመደቡ። በመሐል ደግሞ፣ 2014 ላይ፣ ከሊክተንስታይን 227 ሚሊዮን ዶላር ተመልሷል።

አሜሪካ የገባችበት ገንዘቡ በዶላር ስለነበር ነው። ብዙው ዝውውር በአሜሪካ ባንኮች በኩል አልፏል። አሜሪካ የከሰሰችው ሰውን አይደለም፤ ገንዘቡን ራሱን ነው። ተከሳሹ አካውንት ነው። ኦገስት 2014 ላይ ፍርድ ቤት ከ480 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንዲወረስ ፈረደ። ከዚያም ውስጥ ጀርሲ የነበረው ክፍል ለመመለስ ሌላ ስድስት ዓመት ወሰደ። ፌብሩዋሪ 2020 ላይ ጀርሲ፣ አሜሪካና ናይጄሪያ ተፈራረሙ። ከሜይ ጀምሮ 311 ሚሊዮን ዶላር ገባ። ለሦስት ሥራ ብቻ እንዲውል በጽሑፍ ታሰረ፦ ከሌጎስ ኢባዳን መንገድ፣ ከአቡጃ ካኖ መንገድ፣ ሁለተኛው የኒጀር ድልድይ። ሁለተኛ ጊዜ ቢሰረቅ ናይጄሪያ ራሷ እንድትተካው የሚያደርግ ቃልም ውስጡ አለ።

ገንዘብ ያዧ ስልኳን አውጥታ ደመረችው። "ኮማንደር፣ የነገሩንን ብቻ ስደምር ከ2 ቢሊዮን ዶላር ያልፋል።"

"በስንት ዓመት?"

"ከ1998 እስከ 2020... ሃያ ሁለት።"

"አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ሃያ ስምንት።"

"አባቻ ሲሞት ገና ትድሂ ነበር። ይኸው ዛሬ ሂሳቡን ትሠሪያለሽ" አሏት።

ወደ ቤታችን

ከሰዓት በኋላ ስለ ራሳችን አወራን። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ አንባቢ የሚያውቀው ስለሆነ። የፌዴራል ሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን የተቋቋመው በ1993 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 235 ነው። ያኔ ይመረምርም ይከስም ነበር። በ2008 ዓ.ም. የመመርመርና የመክሰስ ሥልጣኑ ወደ ፖሊስና ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሄደ፤ ዛሬ ክሱ የፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ኮሚሽኑ መከላከል፣ ማስተማርና ሀብት መመዝገብ ላይ ቀረ። የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጁ የ2002 ዓ.ም. ነው፤ ቁጥሩ 668። ባንኮች አጠራጣሪ እንቅስቃሴ ሲያዩ የሚያሳውቁት ለፋይናንስ ደኅንነት አገልግሎት ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ የንብረት ማስመለስ አዋጅ ጸደቀ። ምንጩ ያልታወቀ ንብረትን የሚመለከት ክፍልም አለው። ሞንፍሪኒ በጓሮ በር ያስገባት ሐሳብ፣ "ከየት እንዳመጣኸው አንተ አስረዳ" የምትለዋ፣ በኛ ሕግ ቦታ አግኝታለች።

አንዱ ተሳታፊ ፈራ። "ነገ በቂም የሰው ቤት ለመውሰድ ቢጠቀሙበትስ?" አለ። ኮማንደሩ ጥያቄውን አላጣጣሉትም። ሸክሙ ሲገለበጥ ንጹሑም ሰው ደረሰኝ ፍለጋ ይገባል። እኛ አገር ደግሞ ከብት ሸጦ ቤት የሠራ፣ ዕቁብ ወጥቶለት መኪና የገዛ ሰው ደረሰኝ የለውም። "ስለዚህ ዳኛው ነው ዋናው" ብለው አለፉት። እኔ በዚህ መልስ አልረካሁም። እሳቸውም የረኩበት አይመስለኝም።

ሥልጠናው ሲያልቅ ተሰልፈን ፈረምን። የከተማው ልጆች ለመገኘታችን፣ ሌሎቹ ለአበላቸው። ኮማንደሩን እስከ ታክሲ ሸኘኋቸው። የሲሚንቶውን ነገር መንገድ ላይ አነሣሁባቸው።

"መጨረሻው ምን ሆነ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው። የንብረት ክፍሉ ሰው ተፈረደበት። ብሩ ግን አካውንቱ ውስጥ አልነበረም። አይሱዙ ሆኖ በአማቱ ስም ተገኘ። ሲሚንቶ ያልጫነው አይሱዙ በሲሚንቶው ብር ተገዝቶ ነበር። መኪናው ታገደ። እግዱ ሲወጣ ሁላችንም ደስ አለን፤ ጎማው አዲስ፣ ሸራው አዲስ፣ ገና አንድ ዝናብ ያልመታው መኪና ነው። አንድ ግቢ ውስጥ ከኒም ዛፍ ሥር አቆሙት። አማቲቱ "በላቤ ያፈራሁት ነው" ብለው ተከራከሩ። ይግባኝ ተባለ። መዝገቡ ሄደ፣ መጣ።

"አሁንስ?"

"አሁንም እዚያው ነው። በቀደም ሳልፍ አየሁት።"

"ይንቀሳቀሳል?"

"ጎማው መሬት ነክቷል። ካቢኑ ውስጥ ድመት ወልዳለች። ባትሪው ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የለም።"

ኮማንደሩ የባጃጁን በር እንደያዙ ቆሙ። "ዘበኛው ደብተር የለውም?" አሉኝ።